የቄሱ ቮልስ

ሥራዬ ባትላሜራ ነው፤ የተጋጨ መኪና አቃናለሁ። የእህቴ ባል አሮጌ ቮልስ ሊገዛ ሲል "ካንተ ሌላ ማንን አምናለሁ?" ብሎ ጣና ዳር ይዞኝ ሄደ። ሻጩ ሽማግሌ ቄስ ናቸው።

"መዶሻ ያልነካት ናት ብለው ነው የሸጡልኝ" አሉ።

የግራ በሯን በጣቴ ባንኳኳው ድምፁ ደነዘዘብኝ። ስቱኮ! የግጭት መሸፈኛ ልጥፍ፣ ያውም የገዛ እጄ ሥራ። ቀለሟ ተቀይሮ፣ የቄሱም ጢም ሸብቶ አላወቅኋቸውም እንጂ፣ ከዓመታት በፊት መራዊ ላይ ያን ስቱኮ ለቅልቄ የሸጥሁላቸው እኔው ነኝ። እሳቸውም የረሱኝ መሰለኝ። እውነቱን ብናገር "ማን ለቀለቃት?" መባሉ አይቀርም።

"መዶሻ አልነካትም" አልሁ።

ቄሱ ከጋቢያቸው ሥር መስቀላቸውን አወጡ።

"ያኔም እንዲሁ ነበር ያልኸኝ። በል፣ ዛሬ ይህን ጨብጠህ ድገመው።"