በሕማማት የከለከልኩት ሰላምታ

የልጄ እጮኛ አሜሪካ ቢወለድም ዘሩ ከቆጵሮስ ነው። ቆጵሮስ የምትባል ደሴት መኖሯን የማውቀው ቤተ ክርስቲያን ሲነበብ ሰምቼ ነው እንጂ ዛሬም ሰው ይኖርባታል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሴት አያቱ መሃል ከተማ፣ ሚድታውን፣ ከእሱ ጋር ነው የሚኖሩት። ጸሎተ ሐሙስ ጠዋት የአገራቸውን የፋሲካ ዳቦ ሲጋግሩ እንድገኝ ጠሩኝ።

«ማሚ፣ ባህላቸውን እንድታዪ ብለው ነው። ሪላክስ አድርጊ» አለችኝ ልጄ።

በምን አንጀቴ! ከሰፈራችን ከስኮትዴል ስንነሳ ጀምሮ የማስበው ስለ ዳቦው ነበር። ዳቦው ውስጡ አይብና እንቁላል ነው ተብያለሁ። ቅመሺ ቢሉኝስ? እምቢ ብል ይቀየማሉ፣ እሺ ብል ጾሜ ተበላሸ። እንግሊዝኛዬ ከሥራ ቦታ አያልፍም፤ እሳቸው ደግሞ ከግሪክኛ ሌላ ብዙም አይችሉም። መኪናዋን ፓርክ እስክታደርግ ድረስ ልጄን በጥያቄ አደከምኳት። ስለ ሰላምታው ግን አላሰብኩም።

በሩ ሲከፈት ጥቁር የለበሱ አጠር ያሉ ሴት ክንዳቸውን ዘርግተው ሊስሙኝ መጡ። ሳላስበው ወደ ኋላ ሸሸሁ። ይሁዳ ጌታን በመሳም አሳልፎ ስለሰጠው እኛ በሕማማት አንሳሳምም። ክንዳቸው እንደተዘረጋ ቀረ። ፊታቸው ጠቆረ።

«ማሚ፣ ምን ሆነሻል?» አለች ልጄ በሹክሹክታ።

ሰርጉ እዚያው ደጃፍ ላይ የፈረሰ መሰለኝ። «ስለ ሕማማቱ ንገሪያቸው» አልኳት።

እሷ ለእጮኛዋ በእንግሊዝኛ፣ እሱ ለአያቱ በግሪክኛ ነገራቸው። መንገድ ላይ ምኑ እንደሚጠፋ እግዜር ይወቀው። አያቱ ሰሙና ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ። እጮኛዋ ፈገግ እንኳ ሳይል ለልጄ ተረጎመላት።

«ምን አሉ?»

«ድሮ ደሴቲቱ ላይ በተነሳው ጦርነት ጊዜ ከመንደራቸው ተፈናቅለው ወደ ደቡብ ሲሸሹ፣ መጠለያ የጠየቋት ሴት በር ላይ እንዲህ ሸሽታቸው ነበር። እሷ ትዝ አለችኝ ነው የሚሉት» አለች ልጄ።

እኔም በስደት የሰው ደጅ ቆሜ አውቃለሁ። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ። እሳቸውም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ።

ወጥ ቤት ገባን። አያቱ አይቡን ከናናና ከዘቢብ ጋር አሽተው ሊጡ ላይ አደረጉና ጠርዙን ወደ ውስጥ አጠፉት፤ ላዩ ላይ ሰሊጥ ነሰነሱበት። ማንም አልቀመሰም። ለካ እሳቸውም እስከ እሁድ ይጾማሉ! ይህን ስሰማ እፎይ አልኩ፤ ግን አልቆየም። የሚጤስ ትንሽ የብረት ዕቃ ይዘው መጡና በአናቴ ዙሪያ ያዞሩት ጀመር። የጠንቋይ ነገር ይሆን ብዬ ደነገጥኩ፤ ዳግመኛ እንዳልሸሽ ግን ወንበሩን ጨብጬ ቆምኩ።

እጮኛዋ በልጄ በኩል ነገሩን አስረዳኝ። በሆሳዕና ቤተ ክርስቲያን ገብቶ የተባረከ የወይራ ቅጠል ነው፤ ከሰው ዓይን ይጠብቃል።

«ቡዳ ቆጵሮስም አለ እንዴ?» አልኩ። ሲተረጎምላቸው አያቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። እናቴ የወተት ቅሏን በወይራ ታጥን እንደነበር ነገርኳቸው።

ከመሄዳችን በፊት ሲያሳስበኝ የከረመውን ጠየቅኩ። «የእናንተ ኦርቶዶክስ ከእኛ ይለያል ይባላል፤ ልጄ በእናንተ ሥርዓት ለማግባት እንደገና ተጠመቂ ትባላለች?»

ልጁ መሬት መሬት አየ። አያቱ ግን ፊት ለፊት መለሱልኝ፦ «አላውቅም። እኔም እሱን እያሰብኩ ሌሊት አልተኛም።»

የሁለታችንም ካህናት ተጠይቀዋል፤ የመጨረሻውን ቃል ገና አልሰጡንም። በዚህ መሃል አያቱ በጋውን ዘመዶቻቸው ዘንድ ደሴቲቱ ላይ አብረን እንድናሳልፍ ለመኑኝ፤ ሳላስበው እሺ አልኩ። ልጄ ቲኬቱን ቡክ አድርጋለች። እኔ ግን ቋንቋውን በማልሰማው በዚያ ሁሉ ዘመድ ፊት መቆሜን እያሰብኩ ከአሁኑ ልጄን በጥያቄ አደክማታለሁ።