ያለ ስግደት የተፈቱ ኃጢአቶች

አባቴ ሰቆጣ ዙሪያ የአንዲት ትንሽ ደብር ቄስ ናቸው። በንስሐ አባትነታቸው የታወቁት በርኅራኄያቸው አይደለም። ጾም ሳይፈታ ወተት ለቀመሰ ሃምሳ ስግደት፣ ጎረቤቱን ለረገመ ሰማንያ ያዛሉ። መቋሚያውን ተደግፎ ቅዳሴ ላይ ያንቀላፋ ሰውማ ተግሳጹን አገር ይሰማለታል። እኔ ከተማ ገብቼ አስተማሪ ከሆንሁ በኋላ እንኳ ቁጥራቸውን ስልኬ ላይ ሳይ ብድግ ብዬ፣ ቀጥ ብዬ ነው የማናግራቸው።

ከበቅሎ ወድቀው ወገባቸውን ከተጎዱ ወዲህ ዓመት ሙሉ ሲያቃስቱ ከረሙ። ሐኪም ለሁለት ሳምንት ትራማዶል የሚባል የሕመም ማስታገሻ ኪኒን አዘዘላቸው፤ ሕመሙም ለቀቅ አደረጋቸው። ኪኒኑ ሲያልቅ እኔው እያፈላለግሁ እገዛላቸው ጀመር። ሐኪሙን ተመልሼ አልጠየቅሁም። ምን ልጠይቀው? አባቴ አሁን አያቃስቱም። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ መቆጣት ትተዋል።

ዲያቆኑ አርፍዶ ሲመጣ ዝም አሉ። ፍየል ጓሮ ገብታ ጎመኑን ስትጨርሰው ቁጭ ብለው አዩዋት። ምግብ ሲቀርብላቸው ሁለት ጉርሻ ቀምሰው ይገፉታል። ሰዉ «አባ ለቅድስና በቅተዋል» አለ። ዝምታቸው ተመስጦ፣ አለመብላታቸው ተጋድሎ ተባለ። ለተናዘዘ ሁሉ መልሳቸው «እግዚአብሔር ይፍታ፤ በል ሂድ» ብቻ ሆነ። ይህ ሲሰማ ከጎረቤታችን ከዝቋላ ወረዳ ድረስ በእግሩ የሚመጣ ሰው በዛ፤ የራሱን የንስሐ አባት ጥሎ የመጣም ነበረበት። እኔም አልዋሽም፣ መምህራን ክፍል ውስጥ ጉራዬን ነዛሁ። የቅዱስ ልጅ መሆን ማን ይጠላል?

ነገሩ የገባቸው ሃያ ዓመት የአባቴ የንስሐ ልጅ የሆኑ አንዲት ባልቴት ናቸው። አንድ የገበያ ቀን ተቆጥተው ቤቴ ገቡ።

«አባትሽን አሟቸዋል» አሉኝ።

«ኧረ እማማ፣ ወገባቸው እኮ ተሽሏቸዋል።»

«የምራቴን ቅቤ ሰርቄ ሸጥሁ ብዬ ብናዘዝ አንድ ስግደት አላዘዙኝም። አምና ለሐሜት ብቻ መቶ ያሰገዱኝ ሰው ናቸው። ደግሞ አለቀሱ። ሌባዋ እኔ ሳላለቅስ እሳቸውን ምን ያስለቅሳቸዋል?» በአገራችን ቋንቋ በኽምጣኛ ጥቂት አጉረመረሙና ቀጠሉ። «የበቃ ሰው እንዲህ ፈዝዞ አያይም፣ ልጄ። ባሌ የሞተ ጊዜ እኔ እንዲህ ነበር የማይ።»

በማግስቱ አባቴን ይዤ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄድሁ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ስለ እንቅልፋቸውና ስለ ምግባቸው ጠይቃ ስታበቃ፣ መኖር ሰልችቷቸው ያውቅ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። አባቴ ጥምጥማቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«ወገቤ ዝም አለ፣ ልጄ። ከዚያ ሁሉም ነገር ዝም አለ። ስተኛ፣ ነገ ባልነሣ ምን አለበት እላለሁ።»

አለቀስሁ። የኮራሁባቸው በዚህ ነበር፤ ኪኒኑንም ገዝቼ በእጄ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።

ሐኪሟ ኪኒኑ ሲቆይ ድብርት ሊያመጣ እንደሚችል፣ ግን ባንዴ ማቆም እንደማይገባ ነገረችን። መጠኑ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ተቀነሰ፤ ለድብርቱም ሕክምና ጀመሩ፤ እየተመላለሱም ያዋሯታል። ወገባቸው መለስ እያለ ያማቸዋል፣ ግን ይችሉታል። ያ ከዝቋላ የሚመጣው ሕዝብ ግን ቀስ በቀስ ቀረ።

ከወራት በኋላ ባልቴቷ እያነከሱ ቤቴ መጡ። ጉልበታቸውን ይዘው ተቀመጡ፤ ፊታቸው ግን በርቷል።

«መቶ ሃምሳ» አሉኝ።

«ለቅቤው?»

«ለቅቤው መቶ ነው። ሃምሳው፣ መታመማቸውን እያወቅሁ እስከ ገበያ ቀን ሳልነግርሽ በመቆየቴ ነው።» እግራቸውን ዘርግተው አዩኝ። «አንቺስ ስንት ወር ቆየሽ?»

ወሮቹን በጣቴ ስቆጥር ስልኬ ጠራ። የአባቴ ቁጥር ነው። ብድግ ብዬ፣ ቀጥ ብዬ አነሣሁት።