የሚጣ ጌጥ መስቀያ

እትዬ ሜትር የሚሏት ሜትሯ ከአንገቷ ስለማይወርድ ነው። አርባ ዓመት ልብስ ሰፍታለች፤ ኮት በለው፣ የሙሽራ ቀሚስ በለው፣ የሕፃን ቦላሌ ሳይቀር። ዓይኗ ደከም ብሎ ሱቋን ከዘጋች ወዲህ ከልጇ ጋር ትኖራለች። እሷ ጡረታ ወጣች እንጂ ሜትሩ እስከ ዛሬ አልወጣም።

ነገሩ የተጀመረው ረቡዕ ጠዋት ነው። ልጇ ወደ ሥራ ስትጣደፍ በባዶ እግሯ የጉትቻ ሹል ረገጠች።

«ወይኔ እግሬን! ሚጣ! ይሄ ምንድነው?»

ሚጣ የስድስት ዓመቷ የልጅ ልጅ ናት። «የቢራቢሮ ጉትቻዬ! አገኘሽልኝ!» ብላ ዘለለች።

«አዎ፣ በተረከዜ አገኘሁልሽ!» እናትየው ጉትቻውን ኪሷ ከተተችው። «ስሚኝ፣ እስከ እሁድ ነው። እሁድ አንዲት ዶቃ ወለል ላይ ባገኝ ሁሉንም በፌስታል ጠቅልዬ ለጎረቤት ልጆች ነው የምሰጠው።»

አደርጋለሁ ካለች ታደርጋለች። በማን ወጥታ!

የሚጣ ሀብት የሚኖረው በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነበር። አንዱን ሐብል ሲስቡት ሦስቱ ተያይዘው ይመጣሉ፤ አምባሩ ከፀጉር ማስያዣው ተጠላልፏል፤ አንዷን ቀለበት ለማግኘት ሁሉንም መዘርገፍ ነው። ጥፋቱ የልጅቷ ሳይሆን የቆርቆሮው እንደሆነ እትዬ ሜትር ወዲያው ገባት። ሐብልም እንደ ክር ነው፤ ቦታ ካልሰጡት ይተበተባል።

«አታልቅሺ የኔ እናት። እሁድ ሳይደርስ ግድግዳ ላይ እናወጣዋለን።»

ከቁምሳጥኑ ጀርባ የሱቋን ትልቅ መስታወት ክፈፍ ጎትታ አወጣች። መስታወቱ ዕቃ ሲጓጓዝ ተሰብሯል፤ ክፈፉን ግን መጣል አልሆነላትም። ስንቱ ሰው ራሱን አይቶበታል! አንዷ ሙሽራ ቀሚሷን ለክታ ፊቱ ቆማ «ይቺ እኔ ነኝ?» ያለቻት ትዝ አላት። ያቺ ሙሽራ ዛሬ እሷም አያት ሳትሆን አትቀርም። አይ ጊዜ!

ክፈፉ ውስጥ ስስ ጣውላ አስገባች፤ ጣውላውን ከኮት በተረፈ ሰማያዊ ሱፍ ወጥራ አለበሰችው። የቀሚስ ጀርባ የሚያያዝባቸውን ትንንሽ መንጠቆዎች፣ አፋቸውን ወደ ላይ አድርጋ፣ ሦስት ሦስት ጣት እያራራቀች ለሐብሎቹ ሰፋችላቸው። ለአምባሮቹ ክራቸው ያለቀ የእንጨት መጠቅለያዎች ደረደረች። ለጉትቻዎቹ ደግሞ መሃሉ ላይ አበባ ያለበት ዳንቴል፤ ቀዳዳ እንደሆነ ሞልቶታል።

ቅዳሜ ከሰዓት ምስማሩን ስትመታ ልጇ በበሩ ብቅ አለች።

«እማዬ፣ አትለኪውም?»

«እኔን ነው የምታስለኪኝ? እጄ አርባ ዓመት መስታወት የሰቀለበትን ከፍታ ያውቀዋል!»

እሁድ ጠዋት ከሚጣ ክፍል ጓ! የሚል ድምፅ ተሰማ። ሁለቱም ሮጡ። በርጩማው ተገልብጧል፤ ሚጣ ወለል ላይ ቁጭ ብላለች፤ የቀዩ ሐብል ክር ተበጥሶ ዶቃው አልጋ ሥር ይንከባለላል። እናትየው ልጇን ዳብሳ ደህና መሆኗን ካየች በኋላ ወለሉን አየች።

«እሁድ ነው» አለች፤ ሄዳም ፌስታሉን አመጣች።

«ልሰቅለው ነበር እኮ! አልደርስም!» ሚጣ ተንሰቀሰቀች።

እትዬ ሜትር ቀና ስትል ክፈፉ ትክክል በራሷ ዓይን ፊት ነው። ለአዋቂ ደንበኛ መስታወት እንደምትሰቅለው አድርጋ ሰቅላዋለች። ስንቷን ተማሪ «ለባሹን ሳትለኪ መቀስ አታንሺ» እያለች ያስተማረች ሴት!

«ፌስታልሽን መልሺው» አለች ኮስተር ብላ። «ጥፋቱ የልጅቷ አይደለም፣ የሰፊዋ ነው።»

ልጇ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል ሲሉ እሰማ ነበር፤ አንቺ ደግሞ ቆመሽ ሰቅለሽ አስቸገርሻት።»

«ተሳለቂ! ለዚህ አፍሽ መርፌ አላጣም። ይልቅ እርሳስ ያዢ።»

ሜትሩን ከአንገቷ አወረደች። «ሚጣ፣ ቀጥ በይ። እጅሽን ወደ ላይ። አትንጠራሪ! ደንበኛ በእግር ጣቱ ቆሞ አይለካም።»

አያት ለካች፣ እናት ምልክት አደረገች። አዲሱ ምስማር ከአልጋው ራስጌ ከፍታ ብዙም ሳያልፍ ተመታ፤ ክፈፉም ወርዶ እዚያ ተሰቀለ። ሚጣ ዶቃዎቹን ከአልጋ ሥር ለቀመች፤ አያቷም በወፍራም የኮት ክር፣ በየዶቃው መሃል እየቋጠረች ሰካቻቸው። ከእንግዲህ ቢበጠስም የምትወድቀው አንዷ ብቻ ናት።

«የላይኛውን ምስማር ልንቀለው?» አለች ልጇ።

«ተዪው። ትደርስበታለች።» አለች እትዬ ሜትር። እስከዚያው ብላ ሜትሯን ሰቀለችበት።

ወለሉ ላይ አንዲትም ዶቃ አልቀረችም። እናትየው ፌስታሉን አጣጥፋ ኪሷ ስትከት እጇ ረቡዕ የረገጠችውን ጉትቻ አገኘ። ክፈፉ ፊት ተንበረከከች፤ ሳይንበረከኩ አይታይም፤ ቢራቢሮውን ዳንቴሉ ላይ ሰካችው።

«እዚያ አይደለም» አለች ሚጣ፣ እንደ ባለሱቅ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «የእሱ ቦታ አበባው ጋ ነው።»

እናትየውም ነቅላ አበባው ጋ አደረገችው።