ሂንዴ ዝም ያለችበት ከሰዓት

ሂንዴ ሶብል ኒውዮርክ፣ ባወሪ መንገድ ላይ በነበረው፣ በእኛ በአይሁድ ስደተኞች ቋንቋ በይዲሽ በሚያሳየው ቲያትር ቤታችን የተዋንያን ቃል አስታዋሽ ነበረች። ከመድረኩ ፊት በተቆፈረች ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጣ እሷ ታነባለች፣ እኛ እየሰማን እንደግማለን። በየሳምንቱ አዲስ ተውኔት ስለምናሳይ በቃሉ የሚያጠና አልነበረም። ድምጿ ከእኛ ድምፅ በልጦ እስከ ላይኛው ሰገነት ስለሚሰማ፣ "ዛሬ ማን ይጫወታል?" ሲባሉ "ሂንዴ" የሚሉ ቀልደኞች ሞልተው ነበር። እሷ አይከፋትም። ስድስት ዓመት የሸሚዝ ቁልፍ ስትተክል ስለኖረች፣ ቁጭ ብሎ ማንበብ ሥራ መሆኑ ራሱ ይገርማት ነበር።

አንድ ክረምት ኦሸር ዝላትኪን ከካርኮቭ መጣ። አገሩ ሳለ በሩሲያኛ ይጽፍ የነበረ፣ የሩሲያ ደራስያንን መጻሕፍት እንደ ጸሎት መጽሐፍ ኪሱ ውስጥ ይዞ የሚዞር ሰው ነው። በይዲሽ የጻፈልን ተውኔት ንጉሥ የለበት፣ ዘፈን የለበት፤ ሻይ የሚጠጣ ቤተሰብና ልጇን ባሕር ማዶ የምትሸኝ እናት ብቻ። እናቲቱን የምጫወተው እኔ ነበርኩ። ልጅቷ "እማዬ፣ ምነው አንድ ነገር እንኳ ብትዪኝ?" ስትለኝ፣ ለእኔ የተጻፈልኝ "ዝም ትላለች፤ የልጇን ሻርፕ ታጥፋለች" የሚል ነው።

ልምምድ ላይ ዝም ስል ሂንዴ ቀጣዩን ቃል ጮክ ብላ ነገረችኝ፦ "ሂጂ፣ ባቡሩ እንዳያመልጥሽ!"

"ሂንዴ፣ ተያት" አላት ዝላትኪን።

"ሬብ ኦሸር፣ ረስታው እኮ ነው" አለችው፤ "ሬብ" በእኛ ቋንቋ "አቶ" እንደማለት ነው።

"አልረሳችም። የምትለው ጠፍቷት ነው።"

"የምትለው ከጠፋት እኔ ታዲያ እዚህ ምን ልሠራ ተጎለትኩ?"

ሁላችንም ሳቅን። እሱም ስቆ ሲያበቃ ወደ ጉድጓዷ ጎንበስ አለ። "ሩሲያኖቹ ያስተማሩኝ ይህንን ነው። ሰው ትልቁን ነገር አፉ ላይ ሲደርስ ይውጠዋል። የእኛስ እናቶች እንዲህ አይደሉም?"

 በኋላ ሻይ ስንጠጣ ሂንዴ የራሷን እናት ነገር ነገረችኝ። ወደ አሜሪካ ስትነሳ፣ በትውልድ ከተማዋ በቦብሩይስክ ባቡር ጣቢያ እናቷ ጓዟን አሥር ጊዜ ፈታ አሥር ጊዜ ከማሰር በቀር አንዲት ቃል አልተነፈሰችም፤ "ደህና ሁኚ" እንኳ አላለቻትም። ሂንዴም በዚህ ተቀይማ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ጽፋላት አታውቅም።

ተውኔቱ የተከፈተው እሑድ ከሰዓት ነው። ያቺ ቦታ ስትደርስ ሻርፑን አጠፍኩ። ሂንዴ ዝም። አዳራሹ ማጉረምረም ጀመረ።

"ሂንዴ፣ እንቅልፍ ወሰደሽ እንዴ?" አለ አንዱ የኮመጠጠ ኪያሩን እያላመጠ።

"ንገሪያት እንጂ፣ ሴትዮዋ ጨነቃት!" አለ ሌላው።

ተሳቀ። እውነትም ጨንቆኝ ወደ ታች አየሁ። ሂንዴ መዳፏን አፏ ላይ ጭና ነበር፤ ጣቶቿ በእንባ ርሰዋል። ሻርፑን ዘርግቼ እንደገና አጠፍኩት። ይሄኔ ከላይኛው ሰገነት አንዲት ሴት ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። አዳራሹ ጸጥ አለ። ከዚያ ሂንዴ ቀጣዩን ቃል አንሾካሾከችልኝ፤ ከእኔ ሌላ የሰማት የለም።

መጋረጃው ሲወርድ ቀጥታ ወደ ዝላትኪን ሄደች።

"ሬብ ኦሸር፣ እግዜር ይስጥልኝ።"

"ለምኑ?"

"ከእናቴ ጋር ስላስታረቁኝ።"

ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባውም፤ መነጽሩን አውልቆ አያት።

በዚያው ሳምንት ለእናቷ ጻፈች። እናቷ ፊደል ስለማትቆጥር መልሱን የጻፈችላት የሰፈራቸው ሥጋ ሻጭ ሚስት ናት፦ "እናትሽ እንዲህ በይልኝ አለች። ያን ቀን አፌን ብከፍት ኖሮ 'አትሂጂ' ነበር የምልሽ።"

ሂንዴ ደብዳቤውን ለእኔም፣ ለመጋረጃ ጎታቹም፣ ለትኬት ቆራጩም አነበበችልን። እናቷ እስክትሞት ባሉት አራት ዓመታት ደብዳቤ ተቋርጦባቸው አያውቅም። ሂንዴ ከዝላትኪን ሩሲያኛ ማንበብ ተማረች፤ የእሱ ዓይን ሲደክም ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ ቤቱ እየሄደች ታነብለት ጀመር። እኔም አንዳንዴ አብሬያት እሄድ ነበር። አነባበቧን ሲያርማት፣ "እሺ፣ ሬብ ኦሸር" ብላ ካቆመችበት ትቀጥላለች።