ለፎቶ የወለቀ ባና

የበጎ አድራጎት ክበባችን መሐል ሜዳ ላይ ብርድ ልብስ ባደለ ጠዋት፣ አንዲት አሮጊት ከሰልፉ መጨረሻ ቆመው እንዝርት ያሾሩ ነበር። ስማቸውን አልጠየቅኋቸውም። ስም የሚመዘግብ ሌላ ሰው ነበር፤ የእኔ ሥራ ፎቶ ማንሳት ነው።

ከበግ ጠጉር የተሠራ ጥቁር ባና ደርበዋል፤ ክሩን ራሳቸው እንደፈተሉት ጣታቸው ይናገራል። ተራቸው ደርሶ በስልኬ ሳያቸው ግን የተቸገሩ አልመስል አሉኝ።

«እማማ፣ ባናውን አንዴ ያውልቁት» አልኳቸው። «ለፎቶው ነው።»

አውልቀው በጥንቃቄ አጠፉትና ድንጋይ ላይ አስቀመጡት፤ እንዝርቱንም ከላዩ አኖሩት። ከሥር የለበሱት ቀሚስ ክርኑ ላይ ተቀዷል። እውነቱን ልናገር፣ ቀዳዳውን ሳይ ደስ አለኝ።

የሰጠናቸውን ብርድ ልብስ ጠርዙን በሁለት ጣታቸው ይዘው አሸት አሸት አደረጉት። ስስ ነው። እሳቸው ግን «እግዜር ይስጥልኝ» ብቻ አሉ። ሁለት ጊዜ አነሳኋቸው፤ በመጀመሪያው ዐይናቸውን ጨፍነውብኝ ነበር።

ባናቸውን መልሰው ሲደርቡ ቀና ብለው አዩኝ። የክበቡ ስም የተጻፈበት ካናቴራዬ እንዲታይ ብዬ ጃኬቴን መኪና ውስጥ ትቼ ነበርና በዚያ ብርድ እንቀጠቀጣለሁ።

«ውይ ልጄን!» አሉ፣ ከልባቸው አዝነው። «አንተንም ለፎቶ አስወልቀውህ ነው?»