ቆርቆሮው ሲጮህ

ልጄ ብሌን ከትምህርት ቤት ቀሚሷ ርሶ መጣች። «ምን ሆንሽ?» አልኳት። «ዝናብ መታኝ» አለች... የዚያን ቀን ካምፓላ ላይ አንድ ጠብታ አልወረደም።

ያመንኩ መስዬ ቀሚሱን አጠብኩላት። ውስጤ ግን አረረ።

ነገሩ ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት ነው፣ ካምፓላ ማኪንድዬ ሰፈር አንድ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ሆኜ ስሠራ። ብሌን ስምንት ዓመቷ ነበር። እናቷ ቤሩት ሥራ ላይ ስለነበረች ልጅቷ ያደገችው አዲስ አበባ እህቴ ጋ ነው። እኔ ጋ ከመጣች ገና ሦስት ወሯ። ቤት ውስጥ ሬዲዮ ናት፣ አትዘጋም። ትምህርት ቤት ግን እንግሊዝኛውም ሉጋንዳውም አልገባ ብሏት አንድ ቃል ተንፍሳ አታውቅም። ሽንት ቤት ልሂድ ብላ መጠየቅ እንኳ አልቻለችም ማለት ነው።

ወሰንኩ። ከዚያ ትምህርት ቤት አስወጥቼ ወደ እህቴ እመልሳታለሁ። የግል ትምህርት ቤት እንደሆነ አቅሜ አይደለም። ከስንት ዓመት በኋላ ያገኘኋትን ልጅ መልሼ ልሸኛት... ግን ልጄ እየተሸማቀቀች ከምታድግ ይሻላል አልኩ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ቦዳ በሚሉት የሞተር ታክሲ ላይ ተፈናጥጬ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ መምህርቷ ላይ የማወርደውን ነገር በእንግሊዝኛ ስለማመድ ነበር። ሰው ሲናደድ እንግሊዝኛው ይቃናል ይላሉ... ውሸት ነው። የኔ እንዲያውም ያለችኝንም ይዟት ይጠፋል።

ክፍሏ ትምህርት በነፃ ከተባለ ወዲህ የተሠራ ነው። ግድግዳው ጡብ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒስ የሚባል ነገር የለውም። ወንበር ያላቸው የፊተኞቹ ብቻ ናቸው፤ የቀሩት ሲሚንቶው ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። በሩ ላይ ቆሜ ልቆጥራቸው ሞከርኩ። ስልሳ ላይ ተምታቱብኝ፣ ገና ግማሹ ላይ አልደረስኩም። ከፊታቸው አንዲት ቀጭን፣ አጭር መምህርት ብቻዋን ቆማለች። ማዳም ናካቶ ናት።

«ቆይ አሳይሻለሁ» ብዬ ጉሮሮዬን ስጠርግ ዝናቡ ወረደ።

የካምፓላን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ መጣሁ መጣሁ አይልም። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የራሴን ሳል እንኳ መስማት አቃተኝ። አሁን ይሄ ሁሉ ልጅ ሊተራመስ ነው አልኩ በልቤ።

ማዳም ናካቶ ጠመኔዋን ከፍ አደረገች። መቶ ምናምን ልጅ ባንዴ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ! ሰሌዳው ላይ የማካፈል ሒሳብ ጻፈችና ዞረች። እጆች ተነሡ። አንድ ጣት «አውቀዋለሁ» ነው። ጡጫ «አልገባኝም»። ሁለት ጣት ደግሞ ሽንት ቤት። ማንም ሳይነግረኝ፣ ቆሜ ሳይ ነው የገባኝ። ጡጫ ወዳሳዩት በልጆቹ መሀል እየተሹለከለከች ትሄድና መሬት ቁጭ ብላ ደብተራቸው ላይ ታሳያቸዋለች። ሁለት ጣት ላነሣ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ልጁ በሩ ጥግ ያለውን ጆንያ ራሱ ላይ ጣል አድርጎ ይሮጣል። አንድ ቃል ሳይወጣ ትምህርቱ ይሄዳል...

እኔ አንዲትን ልጅ ጫማሽን እሰሪ ለማለት ሰፈሩን አናውጣለሁ!

ከዚያ ከመሀል አንዲት ጣት ተነሣች። የማውቃት ጣት... ብሌን! ልጆቹን እየተራመደች ወጣች፣ ጠመኔውን ተቀበለች፣ መልሱን ጻፈች። ማዳም አየችውና እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ ጣቶቿን አርገበገበች። እዚያ አገር ለጎበዝ ልጅ «አበባ ስጡት» የሚሉት ይሄን ነው። ያ ሁሉ ልጅ እጁን ወደሚጮኸው ቆርቆሮ ዘርግቶ ለኔ ልጅ ጣቱን አርገበገበ።

ምን እዋሻለሁ፣ አለቀስኩ።

ሲያባራ ማዳም ናካቶ ወደኔ መጣች። «ታታ ብሌን?» አለችኝ። እዚያ አባት የሚጠራው በልጁ ስም ነው። «ሰላም ነው፣ ሰቦ?» ጌታዬ ማለቷ ነው።

የተለማመድኩት ሁሉ የት እንደገባ እንጃ። «ማዳም... ልጄ ትናንት ቀሚሷ ርሶ መጣች። ዝናብ ነው አለችኝ» አልኩ።

«ትናንት አልዘነበም እኮ።»

«አልዘነበም» አልኳት።

ገባት። ጠመኔ የነካ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ሲዘንብ እኮ ከጎበዞቼ አንዷ ናት፤ ሽንት ቤትም ሁለት ጣቷን አንሥታ ትሄዳለች። በደረቅ ቀን ግን በአፍ ነው የሚጠይቁት። እኔ ምልክቱን ለቆርቆሮው ብዬ ነው ያመጣሁት... ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አላየኋትም።»

«ይሄን ሁሉ ልጅ ብቻዎን?»

ሳቀች። «በነፃ ነው ሲባል ቤት የተቀመጠው ልጅ ሁሉ መጣ፣ እሰየው ነው። ክፍሉንም ሠሩልን። ኮርኒሱና ሁለተኛው መምህር ለሚቀጥለው ዓመት ተባለ... ይኸው አራተኛ ዓመታችን። ዛሬ ሦስት ልጆች ቀርተውብኛል።»

ሦስት! ከዚያ ሁሉ መሀል ሦስት መጉደላቸውን ታውቃለች። ለእህቴ ልደውል ያልኩትን እዚያው በሩ ላይ ተውኩት።

ወደ ክፍሉ ተመለሰች። ሁለት ጣቷን አንሥታ ወደ ቆርቆሮው ጠቆመች፣ ከዚያ በመስኮቱ በኩል ወደ ፀሐይዋ። ከዛሬ ጀምሮ በዝናብም በፀሐይም ማለቷ ነው። ብሌን ለትርጉም ጊዜ አላጠፋችም፣ ወዲያው ሁለት ጣቷን ሰቀለች። እየሮጠች ስትወጣ በሩ ላይ ተላተምን።

«አባዬ! ዐይንህ ምን ሆነ?»

ከጣሪያው ሥር ነበር የቆምኩት። ሸሚዜ ደረቅ ነው።

«ዝናብ መታኝ» አልኳት።

እሷም እንደኔ ያመነች መስላ ወደ ሽንት ቤት ሮጠች።