ፕራንክ የሚባለው ሰው ሲፈለግ

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ... ሆሳዕና፣ መናኸሪያው በር አካባቢ ከቆመ ሚኒባስ ኋላ ተደብቄ ስልኬን ደግኜ እየቀረጽኩ ነው።

ይሄን ፔጅ የምትከታተሉ ታውቁኛላችሁ። የአርቲስት ወሬ፣ የስልክ ዘዴ፣ ከየአገሩ የተለቃቀመ የኢንተርኔት ጉድ... የኔ ነገር እሱ ነው። ሰሞኑን ግን እይታው ቀዝቅዞብኝ ነበር። ጓደኛዬ ታምራት «የሰው ቪዲዮ እያመጣህ እስከ መቼ? የራሳችንን ፕራንክ እንሥራ» አለኝ። ተስማማሁ።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ታምራት የአንዲት ሴት ቦርሳ ነጥቆ ጥቂት ይሮጣል። ከዚያ ዞር ብሎ «ፕራንክ ነው!» ይልና ቦርሳዋን ከአዲስ ጃንጥላ ጋር ይመልስላታል። እሷ ትስቃለች፣ ሰው ያጨበጭባል፣ እኛ ቫይራል እንሆናለን።

«ወጣት ምረጥ፣ ቲክቶክ የምታይ» ብዬው ነበር። እሱ የመረጠው ግን ባጃጅ የሚጠብቁ፣ እናቱ የሚሆኑ ሴትዮ ነው። ቢጫ ፌስታል ደረታቸው ላይ አቅፈዋል።

ፌስታሉን ሊነጥቃቸው ያዘ። አልለቀቁም። ሲጎትት አብረው ተጎተቱና አስፋልቱ ላይ በግንባራቸው ወደቁ፤ ክንዳቸው ከስራቸው ገባ። ታምራት ጀርባውን ሰጥቶ ስለነበር መውደቃቸውን አላየም። እንደተነጋገርነው ፌስታሉን ይዞ ሮጠ።

«ሌባ!»

ማን እንደጮኸ አላውቅም። አንድ የባጃጅ ሹፌር እግሩን ዘረጋበትና ታምራት በአፉ ተደፋ። ከዚያማ... በዱላ፣ በቀበቶ፣ በሸንኮራ አገዳ፣ በእርግጫ። አንድ ሰውዬ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ሲያነሳ አየሁ።

«ፕራንክ ነው! ኧረ ፕራንክ ነው!» ይላል ታምራት ደም እየተፋ።

ካፖርት የለበሱ አንድ ሽማግሌ ኮሌታውን አንቀው ቀና አደረጉት። «ፕራንክ ማነው? የታለ?»

«አይ... ፕራንክ ማለት... ያ... የሚቀርጸው...» ብሎ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ።

ሰዉ ሁሉ በአንዴ ዞረ። ያን ያህል ዓይን አንድ ላይ አይቶኝ አያውቅም፣ እዚህ ፔጅ ላይ እንኳን።

«ያውና ፕራንክ! አለቃቸው እሱ ነው! ያዙት!»

ሮጥኩ። ሦስት እርምጃ ሳልሄድ ጃኬቴን ከኋላ ያዙኝ። የመጀመሪያው ጥፊ ግራ ጆሮዬን አደነቆረው።

«እኔ ፕራንክ አይደለሁም!»

«ካደ! ካደ!» አሉና ጭራሽ ባሰባቸው።

መሬት ላይ ወድቄ ጭንቅላቴን በእጄ እንደሸፈንኩ ሌላ የባጃጅ ሹፌር «ቆይ፣ ቆይ! ይሄን ሰውዬ አውቀዋለሁ፣ ቲክቶክ ላይ ነው ያለው!» ሲል ሰማሁ። ተመስገን አልኩ። ጎንበስ ብሎ ፊቴን በደንብ አየ።

«ስልክ ፍሪጅ ውስጥ ካደረ ባትሪው ይታደሳል ያልከው አንተ አይደለህም? ስልኬ ያኔ እንደሞተ ቀረ!» ብሎ ጎኔን በእርግጫ አለኝ።

አሁን ስጽፈው ያስቃል። ያኔ ግን የታምራት ድምፅ ጠፍቶ ነበር። በክንዴ ስር አሾልቄ ሳየው በጎኑ ተጋድሟል፣ ፊቱን እንኳ አይከላከልም... እነሱ ግን አላቆሙም። ሞተ ብዬ አመንኩ።

ያስቆማቸው ፖሊስ አይደለም። ሴትዮዋ ናቸው። የተጎዳ እጃቸውን በሌላኛው ደግፈው መሐል ገቡ። «ተዉአቸው» አላሉም።

«ራጁ የታለ?» አሉ። «የባለቤቴ ራጅ የታለ? ፌስታሉ ውስጥ ነበር!»

ሁሉም ወደ መሬት አየ። ራጁ እዚያው ነው... በሚደበድቡን ሰዎች እግር ስር፣ ተረጋግጦ፣ ተጨማዶ፣ የታምራት ደም ነክቶት። ድንጋይ የያዘው ሰውዬ ድንጋዩን ጥሎ አነሳው። በሸሚዙ ጠራርጎ በሁለት እጁ ሰጣቸው። ከዚያ በኋላ ማንም አልመታንም።

ፖሊስ ሲደርስ ታምራት ዓይኑን ገልጦ ነበር፤ ሦስታችንንም በአንድ መኪና ሐኪም ቤት ወሰዱን። አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረን ተራ ጠበቅን። ሴትዮዋ ወይዘሮ አማረች ይባላሉ። ከፎንቆ የመጡት ሳንባቸውን የታመሙ ባላቸውን ራጅ ለሐኪም ለማሳየት ነው፤ ባልየው መንገዱን ስለማይችሉት ቤት ቀርተዋል።

ራጁን በደህናው እጃቸው ጭናቸው ላይ እያቃኑ «ልጆቼ፣ ምን አድርጌያችሁ ነው?» አሉ።

ታምራት ሁለት የፊት ጥርሱ ወልቋል። «ምንም አላደረጉንም እማማ... ሰው እንዲስቅ ብለን ነው» አላቸው።

አሰቡበት። የእውነት አሰቡበት።

«ታዲያ ማን ሳቀ?» አሉ። ንዴት የለበትም፤ ለማወቅ ነው የጠየቁት።

እጃቸው ተሰብሮ ኖሮ ጄሶ ተደረገላቸው። ራጁን ሐኪሙ ለብርሃን አቅርቦ እንደምንም አነበበው፤ መድኃኒትም አዘዘ። ፖሊስ ጣቢያ ቃል ስንሰጥ ወይዘሮ አማረች ክስ አልፈልግም አሉ። «ማሳዬ አረም ውጦታል፣ በአንድ እጅ አላርም። እነሱ መጥተው ይረሙልኝ» ብቻ ነው ያሉት። ከሰኞ ጀምሮ ፎንቆ እየተመላለስን እያረምን ነው። ታምራት ጎንበስ ሲል ጎድኑን ይዞ ያቃስታል። ባልየው ደጅ ላይ ተቀምጠው፣ በሳል መሐል፣ የዘለልነውን አረም በከዘራ ያሳዩናል።

ስልኬን ፖሊስ የመለሰልኝ ትናንት ነው። ቪዲዮው አልጠፋም። ከፍቼ አየሁት... ወይዘሮ አማረች አስፋልቱ ላይ ሲወድቁ፣ ማንም «ሌባ» ከማለቱ በፊት፣ ከካሜራው ጀርባ ሳቅ ይሰማል። የመንገደኛ መስሎኝ ደግሜ ከፈትኩት። ደግሜ ሰማሁት።

እማማ... የሳቅኩት እኔ ነኝ።